በሩ ላይ የቆምነው ለመቀበል ነው፦ ለቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላት

ግልባጭ፦ ለምዕመናን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የእንግዳ ተቀባይ አገልግሎት በጥበቃ ክፍል ሥር እንዲሆን የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ይብዛላችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በየእሑዱ በጉባኤው በር ላይ ቆመን የሚመጣውን ሰው የምንቀበል፣ መቀመጫ የምናሳይ፣ አምልኮው ሲያበቃም አዲስ የመጣ ሰው ማንም ሳያናግረው እንዳይወጣ የምንከታተል አገልጋዮች ነን።

በቅርቡ ከመድረክ በተነበበው ማስታወቂያ የእንግዳ ተቀባይ አገልግሎት ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ በጥበቃ ክፍል ሥር እንዲሆን ተወስኗል። አዲስ የሚመጣ ሰው ከነበረበት ቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ እስኪያመጣ ድረስ በኋለኛው ረድፍ እንዲቀመጥና በቤት ለቤት ኅብረት እንዳይካፈል ታዟል። የመክፈቻው ጸሎት ከተጀመረ በኋላ ዋናው በር ይዘጋል። ድምፅ የሚያሰሙ ልጆች የያዙ ወላጆች ደግሞ ወደ ጎን ክፍል እንዲመሩ ተብሏል። ይህን ሁሉ በር ላይ ቆመን የምናስፈጽመው እኛ ነን፤ ውሳኔው ሲሰጥ ግን ሐሳባችንን የጠየቀን የለም። በጽሑፍ ያቀረብነው የውይይት ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም። ስለዚህ ጉዳዩን በምዕመናን ሁሉ ፊት ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

ምክንያታችሁን እናውቃለን። አንድ ሰው የተቸገረ ወንድም መስሎ ገብቶ ከብዙ እናቶች ገንዘብ ሰብስቦ ጠፍቷል፤ ከተታለሉት መካከል የእኛ አገልጋዮችም አሉበት። በአምልኮ ሰዓት ቦርሳና ስልክ ተሰርቋል። ልጆቻችን በሚማሩበት ክፍል ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ መታወቅ አለበት፤ በዚህ ከእናንተ ጋር አንድ ልብ ነን። ጥበቃ ይቅር የሚል ጥያቄ የለንም። ያሳዘነን ወደ እግዚአብሔር ቤት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ጥርጣሬ እንዲሆን መወሰኑ ነው።

ከድጋፍ ደብዳቤው እንጀምር። ውሳኔው ከተነገረ ወዲህ ካጋጠመን ሁሉ ይበልጥ ልባችንን ያቆሰለው የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ለዓመታት ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። ጌታን ያወቀው በእስር ቤት ሳለ ነው። ቃሉን ያስተማረው አብሮት ታስሮ የነበረ ወንድም ነው፤ ያ ወንድም ገና አልተፈታም። ደብዳቤ አምጣ ሲባል ከማን ያምጣ? የመጀመሪያውን እሑድ በኋለኛው ረድፍ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ ከበሩ ውጭ ቆሞ ስብከቱን በድምፅ ማጉያው ሲያዳምጥ አገኘነው። ለምን እንዳልገባ ስንጠይቀው «እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ነው» አለን። ከዚያ ወዲህ አላየነውም፤ አድራሻውንም የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሊተባበር በሞከረ ጊዜ ሁሉም ፈሩት። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹ ልብስ በእግሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ወደየቤቱ እየገባም ወንዶችንና ሴቶችን እየጎተተ ለወኅኒ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ደብዳቤ ቢጠይቁት ኖሮ ቀድሞ የያዘው ደብዳቤ በደማስቆ የሚያገኛቸውን አማኞች አስሮ እንዲያመጣ ከሊቀ ካህናቱ የተሰጠው ነበር። በርናባስ ግን ወስዶ ወደ ሐዋርያት አገባው፤ ስለ እርሱም ቆሞ መሰከረ። ከበርናባስ በፊት ደግሞ ሐናንያ አለ። ሐናንያ ፍርሃቱን ለጌታ አልሸሸገም፤ ስለዚህ ሰው ብዙ ክፉ ሰምቻለሁ አለ። ሆኖም ወደ ቤቱ ገብቶ እጁን ሲጭንበት ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ወንድሜ ሳውል ሆይ» የሚል ነበር። ሳውል በዚያች ሰዓት ገና አልተጠመቀም።

የድጋፍ ደብዳቤ በአዲስ ኪዳን ውስጥ እንዳለ አንዘነጋም። ሮሜ ምዕራፍ 16 የሚከፈተው ጳውሎስ ለእኅታችን ለፌቤን በጻፈው የአደራ ቃል ነው፤ ለቅዱሳን እንደሚገባ እንዲቀበሏትና በምትሻው ነገር ሁሉ እንዲረዷት ይለምናል። ያ ደብዳቤ የተጻፈው በር እንዲከፍት ነው። ደብዳቤ በሌለው ሰው ላይ በሩ ይዘጋ የሚል ቃል ግን በዚያም ሆነ በሌላ ቦታ አላገኘንም። ራሱ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ የእርሱ መልእክት እነርሱ ራሳቸው እንደሆኑ፣ የተጻፈውም በቀለም ሳይሆን በሕያው እግዚአብሔር መንፈስ እንደሆነ ይነግራቸዋል።

አታላዮችን በተመለከተም የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛ ተፈትናለች። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ስለዚሁ ነገር በግልጽ ይናገራል። በጌታ ስም የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ ይቀበሉት፣ ከዚያ በኋላ መርምረው ይወቁት ይላል። መንገደኛ ከሆነ የቻሉትን ያህል ይርዱት፤ ነገር ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። ተጓዥ ሐዋርያ ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ሐሰተኛ መሆኑን ይወቁ። እነዚያ ወገኖች ሞኞች አልነበሩም፤ ገደብ አበጅተዋል፣ ምልክትም ለይተዋል። ይሁን እንጂ መቀበሉን አስቀድመው ምርመራውን አስከትለዋል። የእኛ ውሳኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። ደግሞስ ገንዘብ ሰብስቦ የጠፋው ሰው ደብዳቤ ነበረው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳይቶ ነው የገባው። እንዲህ ያለው ሰው ደብዳቤ አያጣም፤ የሚያጣው ያ ከእስር የወጣው ወንድም ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ የአሠራር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወንጌሉ ራሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሮሜ 5 ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ እንደሞተ፣ ዝቅ ብሎም ገና ጠላቶች ሳለን እንደታረቅን ይናገራል። በሉቃስ 15 ፈሪሳውያንና ጻፎች «ይህስ ኃጢአተኞችን ይቀበላል ከእነርሱም ጋር ይበላል» ብለው አንጎራጎሩ። የጠፋው በግ፣ የጠፋው ድሪምና የጠፋው ልጅ ምሳሌዎች ሦስቱም ለዚያ ማጉረምረም የተሰጡ መልሶች ናቸው። አባትየው ሮጦ ልጁን አንገቱን አቅፎ የሳመው ልጁ ገና ሩቅ ሳለ ነው። «አባቴ፣ በሰማይና በፊትህ በደልሁ» የሚለው ኑዛዜ የመጣው ከመሳሙ በኋላ ነው። ከመድረክ በየሳምንቱ የሚሰበከው ይህ ፍቅር ነው። እኛ ግን በር ላይ ሆነን አስቀድመህ ማንነትህን አስረዳ፣ ፍቅሩ ቀስ ብሎ ይደርስሃል እንድንል ታዘናል። ሰው ከሰባኪውና ከመዘምራኑ በፊት የሚያገኘው እኛን ነው። በሩ ላይ የሰማውን ስብከት መድረኩ ላይ የሚሰማው ስብከት ሁልጊዜ አያስረሳውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የበሩ መዘጋት ነው። ዘግይቶ መምጣት ለብዙዎቻችን የስንፍና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የሌሊት ተረኛ ለሆነች እኅት ግን አይደለም። በሽተኛ ስታስታምም አድራ፣ ተረኛዋ እስክትመጣ ጠብቃ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በቀጥታ የምትመጣ አንዲት እኅት አለችን። በሩ ተዘግቶባት ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ሲወስዳት አይተናል። እኛም በውስጥ በኩል ቁልፉን ይዘን ቆመናል፤ መክፈት አልተፈቀደልንም። በቆሮንቶስ የጌታን እራት ለመብላት ሲሰበሰቡ አንዱ ሲራብ ሌላው ሲሰክር ጳውሎስ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ገሥጿቸው፣ በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 11ን ሲዘጋ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ አላቸው። በሰዓቱ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ሰዓቱ በአሠሪው እጅ ያለ ሰው ሲለቀቅ ይደርሳል። አምልኮው እንዳይታወክ መፈለጋችሁን እናከብራለን፤ ለዚህም በር አጠገብ ያሉትን ወንበሮች ለዘገዩ ሰዎች ክፍት አድርጎ መያዝ ብቻ በቂ ነው። በር መዝጋት አያስፈልግም።

ስለ ልጆቹ ስንጽፍ ከባድ ሐዘን ይሰማናል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። ልጁ መዝሙር ሲወድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ እጆቹን ያራግባል። ወደ ጎን ክፍል ውሰጂው ተባለች። ክፍሉን አይታችሁት እንደሆነ አናውቅም። ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል፤ የተከማቹ ወንበሮች ብቻ ናቸው ያሉት። እዚያ ከልጇ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ የሚዘመረውን በግድግዳው በኩል ለመስማት ትሞክራለች። ከአገልጋዮቻችን አንዷ አብራት ለመቀመጥ ስትጠይቅ ቦታሽን ለቀሽ አትሂጂ ተባለች። በሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ሰው ሁሉ የሚሸሻት ሴት ናት፤ ይህን የምንለው ራሷ ስለነገረችን ነው። በማርቆስ 10 ሕፃናቱን ያመጧቸውን ሰዎች የገሠጹት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ መምህራቸውን ከሁከት የጠበቁ መስሏቸው ነበር። ማርቆስ ግን ኢየሱስ ይህን አይቶ እንደተቆጣ ጽፏል። የተቆጣውም ልጆቹን አይደለም፤ በመካከል ቆመው የከለከሉትን ነው። አሁን በመካከል እንድንቆም የተመደብነው እኛ ነን፤ ያ ቁጣ በማን ላይ እንደሚያርፍ እያሰብን በሰላም ማገልገል አልቻልንም።

ስለ ኋለኛው ረድፍ ብዙ መጻፍ አያስፈልገንም። ያዕቆብ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው መልካሙን ስፍራ፣ ለድሀው ደግሞ አንተስ ወደዚያ ቁም ማለትን ስለ ከለከለ፣ ያንኑ ምዕራፍ በጉባኤ ማንበብ ይበቃል። የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ለክብር እንግዶች ተብለው ብዙ ጊዜ ባዶ እንደሚውሉ ግን ልብ በሉልን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ፤ በጥበቃ ክፍል ሥር መሆናችን። ይህ የመዋቅር ለውጥ ብቻ ይመስላል። በሩ ላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው። የክንድ መለያ ተሰጥቶናል። ለአዲስ ሰው እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ስሙን፣ ስልኩን፣ ከየት እንደመጣና ማን እንደላከው የሚጠይቅ ቅጽ እንድናስሞላ ታዘናል። አባቱን የቀበረ አንድ ወጣት ከቀብሩ ቀጥሎ ባለው እሑድ ሊጸልይ መጥቶ ነበር። ማን ላከህ የሚለውን ጥያቄ ሲያነብ ቅጹን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ማንም አልላከውም፤ ሐዘኑ ነው ያመጣው። ከእኛም ወገን ለብዙ ዓመታት በደስታ ያገለገሉ ሰዎች በጸጥታ አገልግሎቱን ትተዋል። ሰው መፈተሽ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ አይደለም፤ ለዚያ የተጠሩና የሠለጠኑ ወንድሞች አሉን፣ እናከብራቸዋለንም። እነርሱም ቢሆኑ የእኛ መምጣት ሥራቸውን አላቀለለላቸውም። በአንድ ጊዜ በፈገግታ የሚቀበልና በጥርጣሬ የሚመረምር ሰው ሁለቱንም በግማሽ ይሠራል።

የቀድሞው ቤተ መቅደስም በረኞች ነበሩት የሚል መልስ ከአንዳንድ ወንድሞች ሰምተናል። እውነት ነው። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 9 ላይ 212 እንደነበሩ ተጽፏል። ታማኝ ሌዋውያን ነበሩ፤ ጓዳውንና ቤተ መዛግብቱን ይጠብቁ፣ ሌሊቱን በእግዚአብሔር ቤት ዙሪያ ያድሩ ነበር። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 27 ላይ ደግሞ ጥዋት ጥዋት ደጁን የሚከፍቱት እነርሱ እንደሆኑ ይናገራል። መጠበቃቸውን የሚያነሣ ሰው መክፈታቸውንም ያንሣልን። በኢሳይያስ 56 እግዚአብሔር ከሕዝቡ ፈጽሞ ይለየኛል ብሎ የሚሰጋውን መጻተኛ ወደ ተቀደሰ ተራራው እንደሚያመጣ፣ ደረቅ ዛፍ ነኝ ለሚለው ጃንደረባም በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ስፍራና ስም እንደሚሰጥ፣ ቤቱም ለአሕዛብ ሁሉ የጸሎት ቤት እንደምትባል ተናግሯል። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሲያነብ የነበረው ይህንኑ የኢሳይያስን መጽሐፍ ነበር፤ ያነበበው ምዕራፍ 53ን ነው፣ ጥቂት ቢገልጥ ስለ ራሱ የተጻፈውን ያገኝ ነበር። ውኃ ባየ ጊዜ ፊልጶስን «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል ጠየቀው። ይህ የተከለከለ ሰው ጥያቄ ነው። በእኛ በር ላይም እየተጠየቀ ነው።

ከውጭ ያሉ ሰዎችም ስለ ክርስቲያኖች ያዩት ይህንኑ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ361 እስከ 363 የነገሠው፣ ክርስትናን ትቶ የጣዖት አምልኮን ለመመለስ የታገለው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ፣ በስሙ ተጠብቆ በቆየ ደብዳቤ ለአንድ የገላትያ የጣዖት ሊቀ ካህናት ምሬቱን ይገልጻል። ክርስቲያኖች የተስፋፉት ለእንግዶች በሚያሳዩት ቸርነትና ለሙታን መቃብር በሚያደርጉት ጥንቃቄ መሆኑን፣ ከራሳቸው ድሆች አልፈው የጣዖት አምላኪዎቹን ድሆች ጭምር እንደሚረዱ ጽፎ የራሱ ካህናትም እንዲሁ እንዲያደርጉ ያዝዛል። ጠላት የመሰከረልንን ነገር እኛው በገዛ ማስታወቂያችን ልናስቀረው አይገባም።

ለእናንተም በቀጥታ የምንለው አለን። ሐዋርያው በአንደኛ ጢሞቴዎስ 3 እና በቲቶ 1 ላይ የመሪነትን መመዘኛዎች ሲዘረዝር እንግዳ ተቀባይነትን በሁለቱም ቦታ ጽፏል። ለማስተማር ብቁ ከመሆን ጋር እኩል ተቆጥሯል። ይህ ሥራ በመጀመሪያ የእናንተ ነው፤ እኛ እናንተን ወክለን በር ላይ የቆምን ነን። ከጉባኤያችሁ አንድ ሽማግሌ እንኳ በር ላይ ከእኛ ጋር ቆሞ የሚመጣውን ሰው ዓይን ካየ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የእንግዳ ተቀባይ አገልግሎት ከጥበቃ ክፍል ተለይቶ እንደ ቀድሞው ራሱን ችሎ ይቁም። ሁለቱ ክፍሎች በየወሩ ተገናኝተው የሚመካከሩበት መንገድ ይዘጋጅ።

የድጋፍ ደብዳቤ በመድረክ ለማገልገል፣ ገንዘብ ለመያዝና ከልጆች ጋር ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ይጠየቅ፤ በዚህ ጥብቅ ሁኑ፣ እኛም እናግዛለን። ለመቀመጥ፣ ለመጸለይና በቤት ለቤት ኅብረት ለመካፈል ግን አይጠየቅ። ደብዳቤ ለሌለው ሰው ከነባር ምዕመናን አንድ ሰው ይመደብለት፤ አብሮት ይቀመጥ፣ ቤቱ ይጠይቀው፣ ጊዜው ሲደርስም ያወቀውን ይመስክርለት። ለዚህ ፈቃደኛ የሆኑ ምዕመናንን ስም ዝርዝር አዘጋጅተን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

የገንዘብ እርዳታ በግል ከምዕመናን መሰብሰብ ይከልከል፤ የተቸገረ ሰው ሁሉ በዲያቆናት በኩል ይረዳ። ይህ ብቻ ቢደረግ ያ አታላይ አይሳካለትም ነበር።

ዋናው በር በአምልኮ ሰዓት ሁሉ ክፍት ይሁን፤ ለዘገዩ ሰዎች የሚሆን መቀመጫ በበሩ አጠገብ ይጠበቅ።

ልጆች የያዙ ወላጆች በአዳራሹ እንዲቀመጡ ይፈቀድላቸው። የጎን ክፍሉ ለሚመርጡት ብቻ ይሁን፤ ድምፅ ማጉያው ይጠገን፣ አብሮ የሚያገለግል ሰውም ይመደብ።

የመመዝገቢያ ቅጹ ከአምልኮ በኋላ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ይሰጥ፤ ማን ላከህ የሚለው ጥያቄ ይሰረዝ።

በየእሑዱ አንድ ሽማግሌ በተራ በር ላይ ከእኛ ጋር ይቁም።

ከእስር የተፈታውን ወንድማችንን ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች ከእኛ ጋር ሆነው እንዲፈልጉት እንጠይቃለን። የት እንደሚገኝ የምታውቁ ምዕመናን ካላችሁ ወደ እኛ አምጡልን፤ ወይም እኛን ወደ እርሱ ውሰዱን።

ይህ ደብዳቤ በሚቀጥለው የጉባኤያችሁ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያዝልንና ተወካዮቻችን ተገኝተው እንዲያስረዱ እንዲፈቀድልን እየጠየቅን፣ ውሳኔያችሁን በጽሑፍ እንጠባበቃለን።

በክርስቶስ ፍቅር፣

የእንግዳ ተቀባይ አገልግሎት አስተባባሪ
ስለ አገልግሎቱ አባላት